«ግሮቴስክ» በአማርኛ «አስቀያሚ» ነው?

አወያይ፦ አንድ አባላችን የሥነ ጥበብ ጽሑፍ ተርጉሞ ለጥፏል። «ግሮቴስክ» የሚለውን የአውሮፓ ቃል በየቦታው «አስቀያሚ» ብሎታል። ልክ ነው ትላላችሁ?

ሠዓሊዋ፦ እኔ በፍጹም አልቀበለውም። ቃሉ የተወለደው ሮም ውስጥ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ64 ሮም ከተቃጠለች በኋላ «ወርቃማው ቤት» የተባለ ሰፊ ቤተ መንግሥት አሠራ። ከሞተ በኋላ ክፍሎቹ በአፈር ተሞሉ። ኋላ የነገሠው ትራያንም ላዩ ላይ መታጠቢያ ሠራበት። በ1480 ገደማ ሰዎች በቀዳዳ ወርደው ገቡ፤ ዋሻ ነበር የመሰላቸው። በችቦ ሲያዩት ጣሪያው ሁሉ ሥዕል ነው። ከአበባ ግንድ ሰው ይበቅላል። የአውሬው ጅራት ቅጠል ሆኖ ይጠመዘዛል። በጣልያንኛ ዋሻ «ግሮታ» ነውና ሥዕሉ «ግሮቴስካ» ተባለ። ዝነኛው ጣልያናዊ ሠዓሊ ራፋኤልም ወርዶ አየው። ከረዳቱ ከሠዓሊው ጆቫኒ ዳ ኡዲኔ ጋር ሆኖ የቫቲካንን ሎጃ (ባለ ቅስት ሰገነት) በዚሁ ስልት አስጌጠ። አስቀያሚ ቢሆን ጳጳሱ ቤት ይገባ ነበር?

ተርጓሚው፦ እህቴ፣ ስለ ታሪኩ አመሰግናለሁ። ግን ቃሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ቃሉን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ሮምን አያስብም። የተጣመመ፣ የሚዘገንን ነገር ማለቱ ነው። ነቀፋውም ቢሆን የቆየ ነው። ቪትሩቪየስ የሚባለው የሮም አርክቴክት ከኔሮ በፊት እንዲህ ዓይነቱን ሥዕል ነቅፏል። በዓምድ ፋንታ ሸምበቆ ይሥላሉ፣ ሸምበቆ እንዴት ጣሪያ ይሸከማል ይላል።

ሠዓሊዋ፦ እኮ! እሱ የተቆጣው «ሊኖር የማይችል ነገር ነው» ብሎ ነው። «ያስጠላል» አላለም። እንዲያውም ሰው ውሸቱን እያየ መደሰቱ ነው ያናደደው።

ብራና ወዳጅ፦ የእኛን ክታብ አስቡ እስቲ። ብራናው በታማሚው ቁመት ልክ ይቆረጣል። ሥዕሉ ዓይን በዓይን ነው። ልጅ ሆኜ የአያቴን አይቼ ፈርቼ ነበር፤ ግን ዓይኔን ከእሱ መንቀል አቃተኝ። ይሄስ ግሮቴስክ አይደለም?

ተርጓሚው፦ አይመስለኝም። የክታቡ ዓይን ጋኔን ማባረሪያ ነው፣ ሥራ አለው። የሮሙ የግድግዳ ጌጥ ነው። ሆኖም አንተ የነገርከን ስሜት «አስቀያሚ» ውስጥ የለም። አስቀያሚ ነገር ሲያዩት ፊት ያስዞራል፤ ይሄ ግን ይይዛል። እዚህ ላይ ተረታሁ።

አዲስ አባል፦ «ቅጥ አምባሩ የጠፋ» ብንለውስ?

ሠዓሊዋ፦ እሱ ስድብ ነው። የራፋኤል ሥዕል እኮ ቀኙና ግራው በልክ የተመዘነ ነው፣ ቅጥ አለው።

አዲስ አባል፦ «የዋሻ ሥዕል»ስ?

ብራና ወዳጅ፦ ያ ደግሞ ከእነ ለጋ ኦዳ የድንጋይ ላይ ሥዕል ጋር ያምታታል።

ተርጓሚው፦ እንግዲያው የሮሙን ጌጥ በስሙ «ግሮቴስካ» ብዬ እተወዋለሁ። የዛሬውን ትርጉም ግን «አስፈሪም አስቂኝም» እለዋለሁ። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ።

ሠዓሊዋ፦ ይርዘም ግዴለም። «አስቂኝ»ን ብቻ እንዳታወጣው።