ክርክር፦ የድሮ ሞተር ድምፅ ቅርስ ነው ወይስ ረብሻ?

የአጂፕ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አንድ ወንድማችን «ያረጁ መኪኖች በሙሉ ከከተማችን ይውጡ፣ በኤሌክትሪክ ይተኩ» ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው ደገፈው። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ይህ ሐሳብ በርትቷል። እኔ «በሙሉ» በምትለው ቃል አልስማማም።

አባቴ ቮልስ ነበረው። ከትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው መኪናውን ከማየቴ በፊት እሰማው ነበር። ፈረንጅ አራዳ መታጠፊያው ጋ ካምቢዮ ሲቀንስ ያ ከኋላ ያለው ሞተር ይንጣጣል፣ ሁለቱ ቀጫጭን ጭስ ማውጫዎች ደግሞ ያፏጫሉ። ማታ እናቴ ያንን ፉጨት ስትሰማ ነበር ወጡን የምታሞቀው። በሰፈሩ ሌላ ሦስት ቮልስ ነበር። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ቮልስ እንዲህ የሚጮኸው ወዶ አይደለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሌሎች መኪኖች ላይ ሲሊንደሩን የከበበው ውሃ ድምፁን ያፍነዋል። ቮልስ ያ ውሃ የለውም፣ ያለው ስስ የብረት ክንፍና ማራገቢያ ነው። ስለዚህ ውስጡ የሚሆነውን ሁሉ ትሰማለህ። እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። ሥራውን አይደብቅም።

የቆጪ እናት፦
ወንድሜ፣ ትዝታህን አከብራለሁ። ግን የእኔ ቤት መንገድ ዳር ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ልጄ አስም አለበት። ከድምፁ ቀጥሎ ጭሱ ይገባል። የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ተረጋግጧል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ድምፅ በአማካይ ከ53 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። እኔ ነርስ ነኝ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ። ለአንተ የአባትህ መምጫ የሆነው ድምፅ ለልጄ ከእንቅልፉ የሚያባንነው ነው።

ጡረተኛው ሾፌር፦
ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ልጅሽን አላህ ይማርልሽ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ኤንትሬ፣ ያንን የድሮ የፊያት ጭነት መኪና፣ ነድቻለሁና ስለ ድምፁ ልናገር።

ከጅማ ቡና ጭነን ጊቤ በረሃ ስንደርስ የሚነዳን ጆሯችን ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ድምፁን እያወፈረ ሲመጣ ቶሎ ካምቢዮ ካልቀነስክ ይሞትብሃል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲያቃስት «ያዝኩህ» የሚልህ ይመስልሃል። ቢየላ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ማንኳኳት ሲጀምር ረዳቱ ከእንቅልፉ ይነሣ ነበር። ማንም አልቀሰቀሰውም።

ዳኮታ የሚባለውን የድሮ አውሮፕላንም አስታውሳለሁ። ልጆች ሆነን ሜዳው ዳር ተሰብስበን እናይ ነበር። መጀመሪያ ሰዎቹ ውልብልቢቱን በእጅ ያዞሩታል። አንዱ ሲሊንደር ይነሣል፣ ይተፋል፣ ነጭ ሰማያዊ ጭስ ያለብሰናል። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሁሉም ሲያያዝ ደረታችን ውስጥ ይገባል። ዛሬ የጄት ድምፅ እሰማለሁ፣ ደረቴ ውስጥ ግን አይገባም።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ (ሜካኒካል)፦
ጋሼ ያሉት ነገር ሒሳብ አለው። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይተኩሳል። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና በደቂቃ 3000 ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። ባለ 12 ሲሊንደር ሲሆን 300። ስፒትፋየር የተባለው የጦር አውሮፕላን ላይ የነበረው ሜርሊን ሞተር 12 ሲሊንደርና 27 ሊትር ነበር፣ ሰዎች እስከ ዛሬ ድምፁን ለመስማት ብቻ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። የተኩሱ ርቀት እኩል ሲሆን ጆሯችን እንደ ክራር ክር አንድ ኖታ አድርጎ ይሰማዋል።

የዳኮታው ሞተር 14 ሲሊንደር አለው፣ ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ ክብ የተደረደሩ። ሞተሩ ሲቆም ዘይት ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። በእጅ የሚያዞሩት ለዚህ ነው። ዘይት የሞላበት ሲሊንደር ባለበት በኃይል ከተነሣ ቢየላው ይታጠፋል። ያ ጭስም የወረደው ዘይት ሲቃጠል ነው።

ለዕለት ሥራ ግን እኔ ኤሌክትሪክን እመርጣለሁ። ግልገል ጊቤ ደጃችን ነው። ቢሆንም ዝምታውም ችግር አለው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ ሞዴል የኤሌክትሪክ መኪኖች ቀስ ብለው ሲሄዱ ድምፅ እንዲያወጡ ግዴታ አድርጋለች፣ ዐይነ ስውራን እንዳይገጩ።

የሂርማታ ነጋዴ፦
ቅርስ ከሆነ ሙዚየም ይግባ። ድምፁንም ቅዱና በስልክ ስሙት። ለትዝታ ተብሎ ቤንዚን ማቃጠል ለእኔ አይገባኝም፣ በዚህ ላይ የነዳጅ ሰልፉን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የአጂፕ ልጅ፦
የነዳጁ ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ሙዚየም ስላልከው ግን ልመልስ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ቆሞ ሙሉ ነው፣ ቆሞም ያወራል። የቆመ ሞተር ግን ብረት ነው። ቤንዚኑ ሙጫ ሆኖ ካርቡራቶሩን ይደፍነዋል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያ ማስነሣት የሚያውቀው ሰውም ይሞታል። ቅጂውን ሞክሬዋለሁ። የአባቴን ቮልስ ድምፅ ስልኬ ላይ አለኝ። ፉጨቱ አለ፣ መሬቱ ግን አይንቀጠቀጥም፣ የቤንዚን ሽታም የለም።

እህቴ፣ ላንቺ ደግሞ። ሌሊት የሚያባንንሽን መኪና እኔም አልፈልገውም። አሁን አንዳንድ ልጆች ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ቆርጠው ሞተር ሳይክል ያስጮኻሉ። እሱ የሞተር ድምፅ አይደለም፣ ሞተሩ ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ጥቁር የሚያጨሰው የጭነት መኪናም ብዙ ጊዜ የናፍጣ ፖምፓው ያልተስተካከለ ነው፣ ካልተስተካከለ ይቁም። እኔ የምለው በከተማችን የቀሩት ጥቂት ቮልሶች፣ ላንድሮቨሮችና ኤንትሬዎች ተፈትሸው፣ ማርሚታቸው ሙሉ ሆኖ፣ በወር አንድ እሑድ ይነሡ። ልጆች ይስሙ። ጋሼም ሞተር በጆሮ እንዴት እንደሚታወቅ ያሳዩአቸው።

ጡረተኛው ሾፌር፦
እኔ እመጣለሁ። ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ አንድ ኤንትሬ ቆማለች። ባትሪ ካገኘንላት ትነሣለች። ነገ ሄጄ ዘይቷን አያለሁ።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ባትሪ እኔ እፈልጋለሁ። ድምፅ መለኪያም ይዤ እመጣለሁ።

የሂርማታ ነጋዴ፦
ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የቆጪ እናት፦
እኔም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ሆስፒታል አጠገብ እንዳይሆን፣ ጭሷንም መጀመሪያ እኔ ልያት። ልጄን ራቅ ብሎ እንዲሰማ አመጣዋለሁ፣ መኪና እንደሆነ ይወዳል። ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት እንዳታስነሡ። ቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ነኝ።