የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ድምፁ ለምን ይታፈናል?

ጥያቄ

አባቴ በሕይወት ሳሉ የቤተሰባችንን ታሪክ በራሳቸው አንደበት እየተረኩ የቀዷቸው በርከት ያሉ ካሴቶች አሉን። ባለ60 እና ባለ90 ደቂቃ ሲሆኑ፣ ሁሉም የተቀዱት ማይክሮፎኑ አብሮት በተሠራ አንድ ትንሽ ቴፕ ነው። ያ ቴፕ ዛሬ ስለሌለ በሌላ ማጫወቻ እየተጠቀምሁ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ከላፕቶፔ የማይክሮፎን ቀዳዳ ጋር በገመድ አገናኝቼ መቅዳት ጀምሬአለሁ። ይሁን እንጂ የሚቀዳው ድምፅ የታፈነ ነው፤ አባቴ ጮክ ብለው በሚናገሩበት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ከበስተኋላ ጉርምርምታ ይሰማል። ችግሩ የካሴቶቹ እርጅና ነው ወይስ የእኔ አቀዳድ? ከካሴቶቹ አንዱ ደግሞ ሲዞር ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ያወጣል። ልምዱ ያላችሁ ብትረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

የዘረዘሯቸው ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ቢያዩአቸው ይሻላል። ስንጥቅታው የሚመጣው ከማይክሮፎኑ ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ የተሠራው እጅግ ደካማ ለሆነ ሲግናል በመሆኑ ከማጫወቻ የሚወጣውን ጠንካራ ድምፅ መሸከም አይችልም። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ የሰው ንግግር ለማጥራት ሲል ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት፣ ጫጫታ የሚቀንስበት ቅንብር ሊኖረው ስለሚችል ይህን ሁሉ ያጥፉት። አስተማማኙ መንገድ «ላይን ኢን» (ከማጫወቻ የሚመጣን ጠንካራ ድምፅ የሚቀበል ቀዳዳ) ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ መጠቀም ነው። ማጫወቻዎ ቀይና ነጭ የ«ላይን አውት» (የድምፅ መውጫ) ቀዳዳዎች ካሉት ድምፁን ከዚያ ይውሰዱ። ሲቀዱ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃ ሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ያድርጉ፤ ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ በምንም ሶፍትዌር ተመልሶ አይገኝም። ጉርምርምታውን በተመለከተ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ብቻ ይቅዱና ልዩነቱን ያዳምጡ።

መታፈኑ ግን ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። በቅድሚያ ክሩን የሚያነበውን ሄድ፣ ክሩን የሚጎትተውን ቀጭን የብረት ዘንግና ጎማውን በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ ይጥረጉ። ጥጡ ላይ የሚቀረው ቡናማ ዱቄት ከክሩ የተራገፈ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደጋግሙት። ቀጥሎ «ዶልቢ» የሚለውን፣ የክሩን የበስተኋላ ሽሽታ ለመቀነስ የተሠራውን ቁልፍ ይመልከቱ። ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት ዶልቢው በርቶ ሲጫወት ቀጭኑ ድምፅ ተቀንሶ ይታፈናል፤ በትንሽ ቴፕ የተቀዱት የእርስዎ ካሴቶች ደግሞ ያለ ዶልቢ የተቀዱ ለመሆናቸው ብዙም አልጠራጠርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልተከፈተ፣ የሚቀረው የሄዱ አቀማመጥ ነው። የካሴት ክር በሰከንድ የሚጓዘው 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 10 ኪሎኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ አንዱ ሞገዱ በክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት 5 ማይክሮሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚያነበው ሄድ ከቀዳው ሄድ በጥቂቱ ካዘነበለ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ከሄዱ ግራና ቀኝ ካሉት ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ስፕሪንግ ያለው ማስተካከያው ነው። ካሴቱ እየተጫወተ፣ በማግኔት ባልተነካ ትንሽ ካቻቢቴ ቀስ አድርገው ወዲህና ወዲያ ሲያዞሩት «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበትን ቦታ ያገኛሉ። ሁለቱን የስቴሪዮ መስመሮች በኮምፒውተሩ ወደ አንድ አዋሕደው ቢያዳምጡ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታወቅዎታል።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ብሎኑን ከመንካትዎ በፊት የነበረበትን አቅጣጫ በማርከር ምልክት ያድርጉበት፤ ልምምዱንም ቢበላሽ በማያሳዝን ሌላ ካሴት ይጀምሩ። ሁሉም በአንድ ቴፕ ተቀድተዋል ብለው በአንድ ማስተካከያ አይተማመኑ፤ የዚያ ቴፕ ሄድ በዓመታት ውስጥ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱን ካሴት በጆሮዎ ያረጋግጡ።

ሲጥ የሚለውን ካሴት ከመቅዳትዎ በፊት እስከ መጨረሻው አስኪደው መልሰው ያጠንጥኑት፤ የተጣበቀው ክር ይላቀቃል፣ ውጥረቱም እኩል ይሆናል። ካልተሻለው ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሽፋኑ ነው። በብሎን የታሰረ ከሆነ ከፍተው ሁለቱን ጥቅሎች ወደ ሌላ ጤነኛ ሽፋን ማዛወር ይቻላል። ሲከፍቱት ክሩን ከሄዱ ጋር የሚያስጠጋው ትንሽ ለስላሳ ንጣፍ በቦታው መኖሩንም ይመልከቱ፤ ከወደቀ ድምፁ ይዳከማል። የተበጠሰ ክር በተራ ፕላስተር በፍጹም አይቀጥሉ፤ ሙጫው እየፈሰሰ ሄዱንም ክሩንም ያበላሻል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የዶልቢው ቁልፍ በርቶ ነበር፤ እሱን አጥፍቼ ሄዱን ስጠርግ የአባቴ ድምፅ በግልጽ ተሰማ። አሁን የቀረኝ ሽሽታውን የማጥፋቱና ፋይሉን በምን ዓይነት የማስቀመጡ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ መልስ

በመጀመሪያ ምንም ሳይነኩ እንዳለ ይቅዱት፤ በዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው። ሽሽታ ማጥፊያው ሲበዛ የሰውን ድምፅ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ያስመስለዋል፤ ከእስትንፋሱና ከቃላቱ መጨረሻም ይቆርጣል። እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ማጽዳት ቢፈልጉ በቅጂው ላይ ይሥሩ፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ።

ለዋናው ፋይል 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ የሆነ ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) በቂ ነው፤ ባለ90 ደቂቃው ካሴት በስቴሪዮ ከ1.5 ጊጋባይት ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ቦታ ከጠበበዎት ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ከድምፁ ምንም ሳያጎድል መጠኑን ይቀንሳል። ኤምፒ3 ለዘመድ ለመላክ እንጂ ለማኖር አይሆንም። ከዚያም ቅጂዎቹን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያኑሩ፤ አንዱ ዲስክ ከቤት ውጭ ቢቀመጥ የተሻለ ነው። ካሴቶቹንም አይጣሉ፤ በስሕተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው በላያቸው ያሉትን የመቅጃ መከላከያ ጥርሶች ሰብረው፣ በሽፋኑ ላይ አባትዎ የጻፉትን ቀንና ርዕስ ቃል በቃል በፋይሉ ስም ላይ ያስፍሩ።