ሰኞ ሥራ ልመለስ ነው፤ አማቴ ደግሞ ልጁን የላም ወተት እናስጀምረው እያሉ ነው

ጠያቂ፦

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ልጄ ሦስት ወር ሊሞላው አምስት ቀን ቀረው። የመጀመሪያዬ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ከጡት ሌላ ምንም አልቀመሰም። የወሊድ ፈቃዴ አለቀና ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ቤቴ አዲስ አበባ አያት ሰፈር ነው፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ስለዚህ በምሳ ሰዓት መጥቼ አጥብቼ መመለስ የማይታሰብ ነው። ጤና ጣቢያ "እስከ 6 ወር ጡት ብቻ" ይሉናል፣ ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠን 90 ቀን ነው። መሃል ያለውን ሦስት ወር እንዴት ነው የምንሞላው?

ልጁን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። ከጎጃም ድረስ ለእኔ ብለው ነው የመጡት፤ አራስ ጠይቀው መመለስ ሲችሉ ቤታቸውን ዘግተው እስካሁን አብረውኝ አሉ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ልጁን ማጠቡ ሁሉ በእሳቸው ነው። እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ግን "ጡት ብቻ አያጠግበውም፣ የላም ወተት በውሃ አቅጥነን እናስጀምረው፣ ለሆዱ ደግሞ ትንሽ የአብሽ ውሃ" ይላሉ። ሲያለቅስ ጠምቶት ነው ብለው ውሃ በማንኪያ ሊሰጡት ሲሉ ሁለቴ ደርሻለሁ። ለባሌ ስነግረው "እማዬ ስድስት ልጅ አሳድጋለች" ይለኛል።

መጨቃጨቅ አልፈልግም። ግን ከቤት ከወጣሁ በኋላ ምን እንደሚቀምስ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለማለብ ሞክሬ የወጣልኝ ደግሞ አንድ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ወተቱ። ስኒ አለመሙላቱ አያስደንግጥሽ፣ የሁላችንም አጀማመር እንደዚያ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ልጄ አንዱን ጡት ሲጠባ ሌላውን አልብ ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ሲስብ በሌላኛውም በኩል ወተቱ ይወርዳል። ከማለብሽ በፊት ሞቅ ባለ ፎጣ ያዝ አድርጊው። ለእኔ መጨመር የጀመረው በሳምንቱ ነው። ከፋርማሲ የገዛሁት ማለቢያ ብዙም አልጠቀመኝም፣ በእጄ ይሻለኝ ነበር፤ ይሄ ግን እንደ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ እስከ ሰኞ ባሉት ቀናት የታለበውን አማትሽ ይስጡት፣ አንቺ ደግሞ ከክፍሉ ውጪ። ጠረንሽን ካገኘ እምቢ ይላል። የእኔ ልጅ ጡጦ ሲተፋብኝ በትንሽ ኩባያ፣ ጠብ ጠብ እያደረግን ነው ያስለመድነው። የዓመት ፈቃድ ካለሽ ደግሞ ከወሊዱ ጋር አያይዘሽ ጠይቂ፣ አሥር ቀንም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ነርስ ነኝ፦

የታለበ የጡት ወተት አዲስ አበባ ባለ የክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ አስቀምጪው። እሳት ላይ አይጣድም፤ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ለብ ይበል። ጠጥቶ የተረፈው ተመልሶ ፍሪጅ አይገባም። አንድ ነገር ደግሞ ቀድመሽ አሳዪያቸው፦ ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ያንን ያዩ አያቶች "ተበላሸ" ብለው ይደፉታል፣ ስንት እናት በዚህ አልቅሳለች። ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ብቻ ነው።

የላም ወተት በዚህ ዕድሜ አይሆንም። ብረት የለውም ማለት ይቻላል፣ ፕሮቲኑና ጨውም ለሕፃን ኩላሊት ይከብዳል። በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ያለው ምግብም ይቀንሳል። ውሃና አብሽ ትንሿን ሆዱን ሞልተው ጡት ያስተዉታል፣ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ያመጣል። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ልጁ አልጠማውም። መጥገቡን በሽንቱ እይው፤ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ካረጠበና ክብደቱ ከጨመረ በቂ ነው።

አያት፦

ልጄ፣ እኔ እንደ አማትሽ ነኝ። የምጽፍልሽ በልጄ ስልክ ነው። እኔም ልጆቼን በአብሽና በላም ወተት ነው ያሳደግኩት። ደግ መስሎኝ ነው። ምራቴ "አይሰጠውም፣ ሐኪም ከልክሏል" ስትለኝ የተሰማኝ ምን መሰለሽ? ልጆቼን በድያለሁ ማለት ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሳልበላ ዋልኩ። እሷ እንደዚያ አላለችም፣ እኔ ነኝ እንደዚያ የሰማሁት። ኋላ ለክትባት ሲሄዱ "እማ፣ አብረሽን ነይ" አለችኝ። ሲስተሯ መዝና ካርዱ ላይ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ አሳየችኝ። በዓይኔ ካየሁ በኋላ በምን እከራከራለሁ?

ይዘሻቸው ሂጂ። ሰው ፊት አታርሚያቸው። በሠራተኛም አትላኪባቸው። አብሹን ደግሞ እንቢ አትበያቸው፣ አንቺ ጠጪው። እናት ስትጠጣው ለወተት ጥሩ ነው እንል ነበር፣ እሳቸውም የሚሠሩልሽ ነገር ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

አንድ አባት፦

ለባልሽ አንብቢለት። እናቱን መናገር ያለበት እሱ ነው። ያው ቃል ከምራት አፍ ሲወጣ ቅያሜ ይሆናል፣ ከልጅ አፍ ሲወጣ ግን በቁጣም ቢሆን ያልፋል። እኔ ፈርቼ ለሚስቴ ትቼው ሁለቱ ለወራት ሳይነጋገሩ ቀሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጠያቂ (ማክሰኞ ማታ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ አያት፣ የጻፉትን ለባሌ ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና ዓርብ ፈቃድ ጠይቆ ሦስታችንም ሄድን። ልጁ ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፣ አሁን 6.2 ሆኗል። አማቴ "እጥፍ?" ብለው ሲስተሯን ሁለቴ አስደገሟት። እዚያው ባሌ "እማዬ፣ እስከ ስድስት ወር እንታገሥ" አላቸው። መልስ አልሰጡም። ማታ ግን አብሹን መትተው ለእኔ አመጡልኝ። የ14 ሳምንቱን ክትባትም "እኔ አስከትበዋለሁ፣ አንቺ ከሥራ አትቅሪ" ብለዋል።

ሰኞ ሁለት ኩባያ ትቼ ነው የወጣሁት። አንዱን ጠጥቶ ሌላውን ግማሽ አስቀርቷል። ስመለስ እስከ ማታ ከጡቴ አልወረደም። ውሃ ሰጥተውት እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ላምናቸው ወስኛለሁ።

አሁን የጨነቀኝ ቢሮው ነው። የማልብበት ቦታ የለኝም። ሽንት ቤት ቆሜ ማለብ አስጠላኝ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸሚዜ ርሶ በሹራብ ሸፍኜ ዋልኩ። ነገ ኃላፊዬን የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ልጠይቀው ነው፣ ወንድ ነው፣ እንዴት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። እንዲህ ጠይቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ ዛሬ ማታውኑ ጻፉልኝ።