ነጠላ ለብሳ የተሳለች ሴት፦ ውስጡ እንዲታይ በእርሳስ እንዴት ይሠራል?

እርሳስና ላጲስ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን እየሳልኩ ነው። ፎቶው የፋሲካ ዕለት ጠዋት በረንዳ ላይ የተነሳችው ነው። ፀሐዩ ከግራ ይመታታል፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጫፉን ወደ ቀኝ ትከሻዋ መልሳዋለች። ከነጠላው ሥር ሹሩባዋ፣ ጉትቻዋ፣ የማተቧ ክር ሳይቀር ይታያል። ፎቶውን የወደድኩት ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ኤ3 ነው፤ ያሉኝ እርሳሶች ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ 2ኤች፣ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። መጀመሪያ ነጠላውን ከነእጥፋቱ ስዬ ሹሩባውን በኋላ ስጨምር፣ ፀጉሩ ከጨርቁ በላይ የተለጠፈ መሰለ። ቀጥሎ ሁሉንም በሶፍት አሸሁት፤ እናቴ ጭስ ውስጥ የቆመች መሰለች። በሦስተኛው ነጩን በላጲስ ላወጣ ስል ወረቀቱ ተላጠ። ለመስከረም አንድ ልሰጣት ነው፤ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ጥቁር ሰሌዳ
እህቴ፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠብሽ። መጀመሪያ ነጠላ እንደሌለ አድርገሽ ራሷን፣ ሹሩባዋንና አንገቷን በኤችቢ በስሱ ሳዪ። የነጠላውን ዙሪያ በመስመር አትክበቢው። ነጭ ሸማ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ያነጣዋል፣ ብልጭታውንም ያደበዝዘዋል። ግንባሯ ላይ የወጣው ፀጉር 6ቢ ከሆነ፣ ያው ፀጉር ነጠላው ሥር ሲገባ ከ2ቢ አይለፍ። ለጉትቻዋም ከሥር ንጹህ ነጭ አትተዪለት። ዓይን ጨርቅ መኖሩን የሚያምነው በዚህ ልዩነት ነው።

ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አያሳይም። ነጠላው አናቷንና ትከሻዋን የነካበት ላይ ውስጡ ይጠራል፤ ከጉንጯ ራቅ ብሎ የተንጠለጠለበት ላይ ይደበዝዛል። እጥፋቱ ላይ ጨርቅ በጨርቅ ስለሚደራረብ ከሥሩ ምንም አይታይም፤ እዚያ ወረቀቱን ባዶውን ተዪው። ሶፍቱንም አስቀምጪው።

የሸማኔ ልጅ
አባቴ ሸማኔ ነበር፣ ስለ ጨርቁ ልንገርሽ። ነጠላ ድርና ማግ ነው፤ ስታሺው የጠፋብሽ እሱ ነው። ክሩ በእጅ የተፈተለ ከሆነ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል። እኔ ይህን የማሳየው ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ነው። ጥላውን ከመጀመሬ በፊት ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ወረቀቱን ጫን እያልኩ አሰምርበታለሁ። ከዚያ 2ቢውን ጋደም አድርጌ ሳልፍበት የጎደጎዱት መስመሮች ነጭ ሆነው ይቀራሉ። አሥር፣ አሥራ አምስት ክር ይበቃል፤ ሁሉንም ካሰመርሽ ወንፊት ይሆንብሻል። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ክሩም ከትከሻዋ ጋር ይጉበጥ።

ጥለቱ ግን አያሳይም። እዚያ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ ከሥሩ ምንም አትሳዪ። ፎቶው ላይ ጥለቱ ወዴት ነው? ወደ አንገቷ ወጥቶ ከሳልሽው ያየ ሁሉ ለቅሶ ላይ ናት ይላል።

እርሳስና ላጲስ
አሁን ፎቶውን ደግሜ አየሁት፤ ጥለቱ ወደ ታች ነው። እኔ ግን ያምራል ብዬ ፊቷ ዙሪያ አምጥቼው ነበር! እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእናቴ እንዲያ አድርጌ ብሰጣት ምን ይሰማት ነበር።

ዛሬ ማታ ቁራጭ ወረቀት ላይ ትከሻዋን ብቻ ሞከርኩ፤ የእስክሪብቶው ነገር ሠርቷል፣ ክሩ ወጣ። አንድ የቀረኝ፦ ፀሐዩ ባለበት በግራ በኩል ነጠላው ነጥቶ ሹሩባው ጭራሽ አይታይም። ከፎቶው ወጥቼ ልሳለው?

ጥቁር ሰሌዳ
አትሳዪው። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት ክሩ ራሱ ስለሚያበራ ከሥሩ ያለው ይሰወራል፤ ነጠላ ውስጡን የሚያሳየው በጥላው በኩል ነው። ሹሩባው ወደ ብርሃኑ ሲቀርብ እየሳሳ ይጥፋ። የፀሐዩን ጎን በ2ኤች ብቻ ያዢው፣ 6ቢውን ለዓይኗ አቆዪው።