የጭን ጡንቻዬ ለኤሌክትሪክ ማነቃቂያው አልታዘዝ አለኝ፤ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና በጉዳዩ ልምድ ያላችሁ ወገኖች፣

የምኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ሲሆን ለዓመታት ሯጭ ነበርኩ። ከአራት ወር በፊት የቀኝ ጉልበቴ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ከተጠገነልኝ ወዲህ የፊተኛው የጭን ጡንቻዬ ከግራው ይልቅ በግልጽ ሰልሏል። የሚከታተለኝ ባለሙያ ያለው አዲስ አበባ በመሆኑና በየሳምንቱ 130 ኪሎ ሜትር መመላለስ ስላቃተኝ፣ በእሱ ፈቃድ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ አነስተኛ መሣሪያ ቤት ውስጥ እጠቀማለሁ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። መሣሪያውን በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 የኤሌክትሪክ ምት)፣ ለ10 ሰከንድ እንዲያኮማትርና ለ50 ሰከንድ እንዲያሳርፍ አድርጌ ስከፍተው፣ ጡንቻው ገና ሳይጠነክር ቆዳዬን እንደ ሳማ ይለበልበኛል፤ ኃይሉን ስቀንሰው ደግሞ ከንዝረት በቀር የሚሰማኝ የለም። ኤሌክትሪኩን ከመሣሪያው ወደ ቆዳዬ የሚያስተላልፉት ተለጣፊዎች ጠርዝ መላቀቅ ጀምሯል፤ በደንብ ያልተጣበቀ ተለጣፊ ኤሌክትሪኩን በጠባብ ቦታ ስለሚያከማች በመጀመሪያ የምጠረጥረው እነሱን ነው። ሆኖም አንዱን ከጉልበቴ በላይ በውስጥ በኩል፣ ሌላውን በጭኔ ላይኛው የውጭ ክፍል ስለማደርግ ጥፋቱ የአቀማመጤም ሊሆን ይችላል። (መሣሪያውን እንዳልጠቀም የሚያሰጋኝ የልብ ምት ማስተካከያም ሆነ የሚጥል በሽታ የለብኝም።)

ቆዳዬን በውኃ ማራሱ ይበቃል ወይስ ተለጣፊዎቹን መለወጥ ግድ ነው? ጡንቻው ሲኮማተር እኔም አብሬ እግሬን ለመዘርጋት መግፋት ይገባኛል? በሥራው ያለፋችሁ ሁሉ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።