አል ካፖንን ማን ፈጠረው? ሕጉ ወይስ ከተማው?

ዳዊት፦ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 (በአውሮፓውያን) አልኮል ማምረት፣ ማጓጓዝና መሸጥ ከልክላ ነበር። ያ ሕግ ባይወጣ ካፖን የሚባል የቺካጎ ወሮበላ እናውቅ ነበር? እኔ በጭራሽ ባይ ነኝ። የኒውዮርክ፣ የብሩክሊን ጎረምሳ ነው። ቺካጎ ሲገባ በወሮበላው ጆኒ ቶሪዮ ሥር ተቀጣሪ ነበር። ገና በ20ዎቹ ዕድሜው የወሮበላ ቡድኑ አለቃ ሆነ። ብሩ ከየት መጣ? ከቢራ!

ሳምራዊት፦ አልዋጥልህ አለኝ። እገዳው እኮ የመላ አገሪቱ ነው። ቺካጎ ላይ ቀድሞውኑ ፖሊሱም ፖለቲከኛውም ጉቦ ለምዷል። የቶሪዮ አለቃ ጂም ኮሎሲሞ ከእገዳው በፊት በሴተኛ አዳሪ ቤቶች ከብሮ ነበር። እሱ በ1920 ሲገደል ቶሪዮ ወረሰ። ቶሪዮ ደግሞ በ1925 በጥይት ተመትቶ ሲተርፍ፣ ሥራውን ለካፖን ጥሎ ወጣ። ያለቀለት ቤት ነው የተረከበው።

ዳዊት፦ ቤቱስ ይሁን። ደንበኛውስ? መጠጣት ራሱ በአገር ደረጃ አልተከለከለም፣ መሸጥ እንጂ። ስለዚህ ጨዋ የሚባለው ሰው ሁሉ የወሮበላ ደንበኛ ሆነ። ቀን ሕጉን የሚያስከብረው ማታ ሲጠጣ ማን ማንን ይከሳል?

ጋሽ ተፈራ፦ ልጆች፣ ሲሴሮን ረሳችኋት። በ1923 ቺካጎ ዊልያም ዴቨር የሚባል ጠንካራ ከንቲባ መረጠች። እነካፖን መፈናፈኛ ሲያጡ አጠገቧ ወዳለችው ሲሴሮ ዞሩ። በ1924 ምርጫ ዕለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች መራጩን ያስፈራሩ፣ ይደበድቡ ጀመር። የቺካጎ ፖሊስ ደረሰ፤ የካፖን ወንድም ፍራንክ እዚያው ተገደለ። ግን ያሸነፉት የእነሱ ዕጩዎች ናቸው።

ሳምራዊት፦ ጋሼ፣ የእኔን ሐሳብ እኮ ነው ያጠናከሩልኝ! ዴቨር ሲጠነክር ለቀው ወጡ። ሕጉ ያው ነው፤ የተለወጠው ከንቲባው ነው።

ዳዊት፦ ለዚያ ሁሉ ጠብመንጃ የከፈለውስ?

ኤልሳ፦ ኧረ ሰውየው በ1930 ለሥራ አጦች ሾርባ ቤት ከፍቶ ነበር። ሕዝቡም ይወደው ነበር።

ሳምራዊት፦ ኤልሲዬ፣ ከሾርባው በፊት በነበረው ዓመት፣ በቫለንታይን ዕለት፣ ሰባት ሰው ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ተረሸነ። ሁሉም ጣቱን ወደ ካፖን ቀሰረ፤ አንድም ሰው ግን አልተፈረደበትም። በ1931 11 ዓመት የተፈረደበት ግብር ባለመክፈሉ ነው። ዳዊት፣ አንተ ደግሞ ይሄን መልስልኝ፦ እገዳው በ1933 ሲነሳ ድርጅቱ ለምን አብሮ አልፈረሰም?

ዳዊት፦ ካዝናው ሞልቷላ! 13 ዓመት ሙሉ የቢራ ብር አጠራቅሞ፣ ቁማሩንና የሠራተኛ ማኅበራቱን ይዞ ቀጠለ።