ሪሞት ሥራ ልግባ ወይስ በፍሪላንስ ልቀጥል?

ሰናይት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ሥራዬ ዲጂታል ማርኬቲንግ ነው። ለሐበሻ ምግብ ቤቶችና ለቤት ሽያጭ ኤጀንቶች የፌስቡክና የጉግል ማስታወቂያ እሠራለሁ። ሁሉም በ1099 ነው የሚከፍሉኝ፣ ማለትም ታክስ ሳይቆርጡ፣ እንደ ግል ሠራተኛ። አሁን አንድ ድርጅት ከቤት ሆኜ የምሠራው ቋሚ ሥራ አቅርቦልኛል፣ በደብሊው-2፣ ማለትም ታክሱን ከደመወዜ እየቆረጠ የሚከፍል ተቀጣሪ አድርጎኝ። ደመወዙ ጥሩ ወር ላይ ከማገኘው ያንሳል። ግን የቤት ኪራይ ውሌ ሊያልቅ ነው፤ የአፓርታማው ቢሮ የደመወዝ ወረቀት አምጪ ይላል። አዲስ አበባ ያለው ባለቤቴ ወደዚህ እንዲመጣም ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ። የድርጅቱ ውል ደግሞ የራስሽን ደንበኛ መያዝ አትችይም ይላል። ደንበኞቼን በትኜ ልግባ?

መኮንን፣ ሲያትል፦
ልጄ፣ ታክስ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። "ጥሩ ወር" ያልሽው ገና ታክስ ያልተነካ ገንዘብ ነው። በ1099 ስትሠሪ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን 15.3 በመቶ ሙሉውን የምትከፍይው አንቺ ነሽ። በደብሊው-2 ግን ግማሹን አሠሪው ይችልልሻል። የገቢ ግብሩ ከዚህ ሌላ ነው፤ እሱንም አፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ ላይ ራስሽ መክፈል አለብሽ። የጤና ኢንሹራንሱም አለ።

ዋናው ግን የባልሽ ጉዳይ ነው። ስፖንሰር ስትሆኚ አይ-864 በሚባለው የስፖንሰር ገቢ ማሳያ ፎርም ላይ የሚቆጠረው ወጪ ተቀንሶ የተረፈው ገቢ ነው። ወገኖቻችን ታክስ ለመቀነስ መኪናውንም ስልኩንም ወጪ ያስይዙና ገቢያቸው ወረቀት ላይ ይጠፋል። በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀው የዓመት ገቢ 26,437 ዶላር ነበር። ካልሞላልሽ ሌላ ሰው አብሮሽ መፈረም ይኖርበታል። ቋሚ ሥራ ከገባሽ በአሠሪ ደብዳቤና በደመወዝ ወረቀት የአሁኑን ገቢሽን ታሳያለሽ።

ብሩክ፣ አሌክሳንድሪያ፦
ጋሽ መኮንን ያሉት ልክ ነው። ግን ቋሚ የሚባለው ሥራ ያን ያህል ቋሚ አይደለም። እኔን በቪዲዮ ስብሰባ ነው ያሰናበቱኝ፤ ከሰዓት ላፕቶፑ ተቆለፈ። አሁን አንድ ደንበኛ ቢሄድ ሌሎቹ አሉ። ፖስተርና ቪዲዮውን አዲስ አበባ ላሉ ልጆች እሰጣለሁ፣ እኔ ማስታወቂያውን እመራለሁ። ሰናይት፣ እንዲህ ብታደርጊ ገቢሽም ይጨምራል።

ትዕግሥት፣ ሚኒያፖሊስ፦
እኔ ሪሞት የገባሁት ፋሲካን እናቴ ጋ ሆኜ ልሠራ ብዬ ነበር። ከአሜሪካ ውጭ ላፕቶፑን መክፈት አይቻልም አሉኝ። ዶሮው ሲሠራ በስልክ እያየሁ አለቀስኩ። ባልሽ ጋ ሄደሽ ልትሠሪ አስበሽ ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ህሊና፣ ዳላስ፦
ብሩክ፣ ልጆቹን ስንት ነው የምትከፍላቸው? ጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አንተ በዶላር እያስከፈልክ እነሱን በድሮው ብር ነው? የእህቴ ልጅ እንዲሁ ለአንድ ዲያስፖራ ይሠራል። እዚህ ከሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው። "ቶሎ አስተካክል" እየተባለ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል።

ብሩክ፦
በየወሩ ዝም ብሎ ከመላክ ሥራ መስጠት አይሻልም? አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። አሁን ቤት ኪራዩን ራሱ ይከፍላል፤ እኔን መጠየቅ ትቷል።

ህሊና፦
ይሻላል። ሥራ ከሆነ ግን ዋጋው በዶላር ይተመን፣ የሥራ ሰዓቱም ይታወቅ። ዘመድ ስለሆነ ብቻ ሌሊት አይቀስቀስ።

ሰናይት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የውሉን ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ሐሙስ መልስ ስጪ ብለውኛል።

መኮንን፦
እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ውሉን ለጠበቃ ብታሳዪው ደስ ይለኛል። እስከዚያው ደንበኞችሽን በስም ዘርዝረሽ "እነዚህን እቀጥላለሁ" ብለሽ በኢሜይል ጠይቂያቸው። በቃል እሺ ቢሉሽ አትፈርሚ።

ብሩክ፦
ህሊና፣ ዋጋውን ላሻሽል ዝግጁ ነኝ። ግን ልጆቹ ራሳቸው በብር ላክልን ነው የሚሉኝ። በግድ በዶላር ተቀበሉ ልበላቸው?